ሥር የሌለው

ባሕሩ ሲሸሽ ከሮስኮፍ ዳርቻ፣
ዓለቱ ርጥብ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀር ለብቻ፣
ቱግድዋል ይወርዳል ማጭዱን ታጥቆ፣
የሚያንሸራትተውን ድንጋይ በስሙ አውቆ።
እኔ ኤኖራ ነኝ፤ ከላይ፣ ከመስኮቱ
በነጭ ጋዋን ሆኜ አየዋለሁ በየዕለቱ።
ቡኒውን የባሕር አረም ደጄ ላይ ይጥላል፤
«ይኸው ድርቆሽሽን፤ ላሟስ የታለች?» ይላል።

አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፤
በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ አልኮል እጨምራለሁ፤
ከጥቁር ጭማቂው ነጣ ያለ ደለል ይዘቅጣል፣
ርጥቡ እንደ ንፍጥ ይሳባል፣ ሲደርቅ በትንፋሽ ይበናል።
ስሙን ፉኮይዳን ይሉታል፤ ከስኳር ወገን ነው፤
ሻይ ግን አያጣፍጥም፤ ጨው ነው ያሳደገው።

ከዚያ እንቁላል አለ።
የሦስት ቀን እንቁላል፣ ከሴን-ፖል ገበሬ፣
በሙቅ ሣጥን ውስጥ ያቆየሁት እስከ ዛሬ፤
ቅርፊቱን በመቀስ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት
ቆርጬ ከፈትኩለት ትንሽዬ መስኮት።
ቀይ ክር። ከቀይ ክር የሚወጣ ቀይ ክር፤
እንደ ወንዝ ገባር የሚበተን የደም ሥር፤
መሐል ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ነጥብ፣
ትዘላለች። ልብ።

ዕጢም መጀመሪያ ድሃ ነው፣
የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል፣ ባለበት የሚራብ ነው።
ኋላ ይጣራል ወደ ቅርብ ደም ሥሮች፦
«ወዲህ ዝለቁ፤ አሉብኝ ብዙ አፎች።»
እነሱም ያምኑታል፤ ቡቃያ ይልካሉ፤
ሳያውቁ ለሌባ ቀለብ ይሰፍራሉ።
ሥር ሰደደ የምንለው ይኼንን ነው፤
ሥሩ ደም ነው፣ ደሙም የባለቤቱ ነው።

አንዲት ጠብታ ጣልኩ ከዚያ ደለል፣
በክብ ወረቀት ላይ፣ ከክሮቹ መሐል።
በሁለተኛው ቀን
ክሮቹ እስከ ጠብታዋ ደርሰው ቆመዋል፤
ድልድይ እንዳጣ መንገደኛ ዳር ዳሩን ዞረዋል።
ነጭ ቀለበት ቀርቷል፤ ባዶ፣ ጸጥ ያለ፣
ሥር ያልደፈረው መሬት፣ ምንም ያልተተከለ።

በመከር ቱግድዋል ቅርጫቱን ሳያወርድ ቆመ።
ዓይኑ ቢጫ ነበር።
«ጉበቴ ላይ ነው» አለኝ። «ብሬስት ሄጄ ሐኪሟ ምስሉን አሳየችኝ።
ሸርጣን ይመስላል። እግር አለው።»
ቅርጫቱን አየ። እኔን አየ።
«ይኼ የማጭድልሽ... ለዚህ አይደል?»

ወሰድኩት። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኑን ደፍቶ ብዙ ቆየ።
«ቆሟል እኮ!»
«ቆሟል።»
«ጫጩቷስ?»

በአሥረኛው ቀን ወደ ብርድ እናወጣቸዋለን፤
አንዷም አትፈለፈልም። ይኼን ለማን እንናገራለን?
ጠብታዋ አትለይም ሌባውን ከልጁ፤
የሚያድገው ሁሉ አንድ ነው ለእጇ።

እውነቱን ነገርኩት፣ እያነቀኝ፦
እንቁላል ላይ የሠራ ለሰው ዋስ አይሆንም፤
በሾርባ ቢጠጡት ጉበት ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤
የሐኪሟን መድኃኒት እንዳትተው፤
የእኔ ገና ጥያቄ ነው።

ሳቀ። ጥርሱ ውስጥ ትንባሆ ነበር።
«አርባ ዓመት በሾርባ በላሁት እኮ፣ ኤኖራ!
ቢሆን ኖሮ እስካሁን እኔም ዓለት በሆንኩ ነበር።»
ከዚያ አንዷን ቅጠል ከቅርጫቱ መዘዘ፣
ግንዷን ገለበጠ፣ ጫፏን በጣቱ ያዘ፦
«እይ፤ ሥር የላትም። ይቺ መዳፍ ናት፤
ዓለት ጨብጣ ነው የምትኖር፣ ማዕበል እየመታት፤
በገላዋ ትጠጣለች፣ ምንም ሳትቆፍር።
ሥር የማታውቅ ናት ሥር የምትከለክል? ይገርማል ነገር።»
መዝገቤ ላይ ጻፍኩት፣ ከቀኑና ከሙቀቱ ጎን፤
ለእንዲህ ያለው ነገር የተሰመረ ዓምድ ባይኖርም።

ክረምቱ አለፈ።
ዛሬም ባሕሩ ሸሽቷል። ደጄ ላይ ቅርጫት ወደቀ፤
ስለ ላሟ ማንም አልጠየቀ።
ወደ መስኮቱ አልሄድኩም። አላየሁም ማን እንዳመጣው።
ጨው ውኃ በበሩ ሥር ገባ፣ ወለሉን አራሰው።
መቀሴን አነሳሁ፤
አዲስ እንቁላል ከፈትኩ፤
ነጥቧ ትዘላለች።